ሌሊት የሚጠብቀንን ውሻ ከጉርጥ መርዝ እንዴት እንጠብቀው?

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ዝናብ ካባራ በኋላ ያለውን ምሽት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ወበቁ ትንሽ ጋብ ይላል። መሬቱ ይሸታል። ከመስኖ ቦዩ በኩል የሚመጣው የጓጉንቸር ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። 3 ሰዓት ገደማ ዳማን ከሰንሰለቱ ፈታሁት። እንደ ሰፈራችን ውሾች ሁሉ እሱም ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። እራቴን ሳልጨርስ ከጓሮ አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

ስወጣ አፉ በአረፋ ተሞልቷል። በፊት እግሮቹ አፉን ይቧጥጣል። ጭንቅላቱን ያራግፋል። ሁለት እርምጃ ሄዶ ይንገዳገዳል። ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምተው ኖሮ ዱላ ይዘው ደረሱ።

«ልጄ፣ ራቅ በል! ይሄ ውሻ አብዷል!»

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሱኝ፤ አሁን ደህና ነበር» እያልኩ ባትሪዬን አበራሁ። ከእግሩ ሥር አንዲት ትልቅ ጉርጥ ተነፋፍታ ተቀምጣለች። ከአንገቷ በላይ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ዳማ ተርፏል። የተረፈው ግን እኔ ባደረግኩለት ነገር አይደለም። በድንጋጤ ወተት በግድ ጋትኩት። ከጋትኩት ውስጥ ወደ ሳንባው የገባ ሳይኖር አይቀርም፤ ሳምንት ሙሉ ሲያስለው ከረመ። ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ሐኪሞችን ጠይቄያለሁ፣ አንብቤያለሁ፣ ግቢዬንም ቀይሬያለሁ። እኔ የሠራሁትን ስህተት ሌላ ሰው እንዲደግመው ስለማልፈልግ የተማርኩትን በሙሉ እዚህ አስቀምጣለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ስለ ጉርጥ መርዝ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የመጀመሪያው ምክር «ማታ ማታ ውሻችሁን ቤት አስገቡ» የሚል ነው። ምክሩ ለሌላ አገር ጥሩ ነው። እዚህ ግን ውሻ ሥራው ሌሊት ነው። ጅብና ሌባ የሚመጡት ጉርጥ በምትወጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ እኛ ማስተካከል ያለብን ግቢውን ነው። የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍልም ስለ ግቢ ነው።

ጉርጥ ውሻን የምትመርዘው እንዴት ነው?

ጉርጥ አትናከስም፣ አትናደፍም። መርዟ ያለው ቆዳዋ ላይ ነው። ከዓይኗ ኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ ባቄላ የሚመስሉ ሁለት ያበጡ ዕጢዎች አሏት። ውሻ በጥርሱ ሲጫናት ከእነዚህ ዕጢዎች ነጭ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይወጣል። ፈሳሹ በድድና በምላስ በኩል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል። አፍን ያቃጥላል። ዋናው ጉዳቱ ግን ልብ ላይ ነው። በውስጡ ያሉት ኬሚካሎች ለልብ ሕመም ከሚሰጠው ዲጎክሲን ከሚባለው መድኃኒት ጋር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። የልብን ምት ያዛባሉ። መጠኑ ከበዛ ልብ ሊቆም ይችላል።

ጉርጥንና እንቁራሪትን ለዩ። እንቁራሪት ቆዳዋ ለስላሳና እርጥብ ነው፤ እግሯ ረጅም ነው፤ ትዘላለች። ጉርጥ ደረቅ፣ ሻካራ፣ ኪንታሮት የወጣበት የሚመስል ጀርባ አላት። እግሯ አጭር ነው፤ ዘገም እያለች ነው የምትሄደው። ለዚህ ነው ለቡችላ ቀላል አደን የምትሆነው። እንቁላላቸውም ይለያል። እንቁራሪት ብዙውን ጊዜ ተጣብቆ የተከመረ እንቁላል ትጥላለች። ጉርጥ ግን በውሃ ውስጥ እንደ ክር የተዘረጋ፣ ጥቁር ዶቃ የተሰካበት የሚመስል ረጅም ነገር ትጥላለች። እሱም መርዝ አለው።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት አስፈሪ ታሪክ አብዛኛው ስለ አንዲት ግዙፍ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ጉርጥ ነው። ይህችን ጉርጥ እ.ኤ.አ. በ1935 የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛ ታጠፋለች ብለው ወደ አውስትራሊያ አስገቧት፤ ተባዝታ የአገር ጣጣ ሆነች። እሷ እኛ ጋ የለችም። በአገራችን ያሉት የአፍሪካ ጉርጦች ናቸው። እነሱም በዚያው ዓይነት መርዝ ይጠበቃሉ፤ ጉዳታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል። ይህ ማለት ግን ዝም ብላችሁ እዩት ማለት አይደለም። ለትልቅ ውሻ የአንድ ሰዓት ለሃጭ የሚሆነው ነገር 3 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ ሞት ሊሆን ይችላል። ያረጀ ወይም ልቡ የደከመ ውሻም እንደዚያው ነው።

የት? መቼ?

ሰሜን ሸዋ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሮቢትና በአጣዬ ቆላ የመስኖ ውሃ ስላለ፣ ዝናብ ባይኖርም ጉርጥ አትጠፋም። ሽንኩርትና ቲማቲም ውሃ ሲጠጣ ጉርጥም አብራ ትመጣለች። በደጋው፣ በመንዝና በደብረ ብርሃን በኩል፣ ውርጭ በሚጥልባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። ክረምቱ ሲገባ ግን እዚያም ተጠንቀቁ። በሁለቱም በኩል በጣም የሚያሰጋው ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ነው። በበልግም በክረምትም። ያን ቀን ማታ ጉርጦች ለመራባት በገፍ ይወጣሉ።

አንደኛ፦ ግቢውን ማስተካከል

ጉርጥ ወደ ግቢ የምትመጣው ለሦስት ነገር ነው። ለውሃ፣ ለምግብና ለመደበቂያ። ሦስቱን ከውሻችሁ አካባቢ አርቁ።

ከውሃው እንጀምር። የውሻ የውሃ ሳህን መሬት ላይ ከተቀመጠ ጉርጥ ገብታ ትነከርበታለች። ውሻው ጉርጧን ሳይነካ ከውሃው ብቻ ሊታመም ይችላል። እኔ የዳማን ሳህን ሁለት ብሎኬት ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለቡችላ ከፍ ማድረግ ካልተቻለ ማታ ውሃውን ድፉና ጠዋት ሳህኑን አጥባችሁ አዲስ ቅዱ። ከቧንቧ ሥር ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ካለ በጠጠር ሙሉት። የተጣለ የመኪና ጎማ፣ ክዳን የሌለው በርሜል፣ ዝናብ የሞላው ጣሳ፣ ሁሉም መነሳት አለበት። ይህ ለወባ ትንኝም መፍትሔ ነው፤ ቆላ ያላችሁ ይህን ልነግራችሁ አይገባም።

ከዚያ መብራት። ጉርጥ መብራት አትፈልግም። መብራቱ የሚሰበስባቸውን የእሳት ራትና ጥንዚዛ ግን ትፈልጋለች። በዝናብ ማታ በረንዳ አምፖል ሥር ብታዩ ጉርጦች ተሰልፈው አፋቸውን ሲከፍቱ ታገኛላችሁ። የበረንዳውን መብራት ስትተኙ አጥፉ። ለጥበቃ የግድ ከሆነ ቦታውን ቀይሩ። ውሻው ከሚተኛበት አርቃችሁ በር ላይ ወይም ከአጥሩ ውጪ በኩል ስቀሉት። ቢጫ አምፖልም ከነጩ ያነሰ ነፍሳት ይጠራል። የተረፈ የውሻ ምግብም እንደ መብራት ነው። ትርፍራፊ ሳህን ላይ ሲያድር ዝንብና በረሮ ይሰበሰባል፤ እነሱን ፍለጋ ጉርጥ ትከተላለች። ውሻውን ሳይመሽ አብሉና ሳህኑን አንሱ።

መደበቂያው ከባዱ ነው፤ በተለይ ደጋ ላይ። የመንዝና የአንኮበር ግቢ አጥሩ የድንጋይ ካብ ነው። በካቡ ድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት ለጉርጥ ቤት ነው። ካብ አፍርሱ አልልም። ውሻው ከሚታሰርበትና ከሚተኛበት ቦታ ግራና ቀኝ ያለውን የካቡን የታችኛውን ግማሽ ሜትር ብቻ በጭቃና በጠጠር ድፈኑት። የቀረውን ተዉላቸው። ጉርጥ የጎመናችሁንና የሽንኩርታችሁን ተባይ እየለቀመች ነው የምታድረው፤ ባትኖር የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። የማገዶ ክምርም ከውሻው ቤት ይራቅ። ከተቻለ በርብራብ ላይ ከመሬት ከፍ አድርጉት።

በመጨረሻ የመግቢያ ቀዳዳ። ጉርጥ ከፍ ብላ መዝለል አትችልም። በውሻው ማደሪያ ዙሪያ ቀዳዳው ጠበብ ያለ የዶሮ ሽቦ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍታ ብትወጥሩ አብዛኞቹን ታስቆማላችሁ። የሽቦውን የታችኛውን ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል መሬት ውስጥ ቅበሩት፤ አለዚያ በሥሩ ትገባለች። ሽቦው ውሻውን ያግደዋል ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ትልቅ ውሻ ተሻግሮት ይሄዳል። የቆርቆሮ በር ሥር ያለው ክፍተት ደግሞ ዋናው መግቢያ ነው። እኔ በረባሶ ከሚሠራ ልጅ ረጅም የጎማ ቁራጭ ገዝቼ በበሩ የታችኛው ጫፍ ላይ በሚስማር መታሁት። ጎማው መሬቱን እየጠረገ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከሠራሁት ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይሄ ነው።

ውሻውን ከመፍታታችሁ በፊት በዝናብ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ግቢውን አንድ ጊዜ ዙሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጉርጥ ካገኛችሁ እጃችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ወይም በአካፋ አንስታችሁ ባልዲ ውስጥ ክተቷት፤ ወደ ቦዩ ወይም ወደ እርሻው ወስዳችሁ ልቀቋት። ጨው አትርጩባት፤ በድንጋይም አትጨፍልቋት። ከጭካኔነቱ ሌላ፣ የተጨፈለቀች ጉርጥ መርዟ ሁሉ ወጥቶ መሬት ላይ ይቀራል፤ ጠዋት ውሻው ይልሰዋል። ከነካችኋት ዓይናችሁን ሳትነኩ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሁለተኛ፦ «ተው» ማስተማር

የትኛውም ግቢ መቶ በመቶ አይዘጋም። ስለዚህ ውሻው አንድ ቃል ይወቅ። ብዙዎቻችን ውሻን የምናሠለጥነው በጩኸትና በድንጋይ ነው። በዚህ መንገድ ያደገ ውሻ ሲጠሩት የያዘውን ይዞ ይሸሻል። ጉርጥ ይዞ ሲሸሽ ደግሞ ደቂቃዎች ያልፋሉ።

እንዲህ ጀምሩ። ቁራሽ ደረቅ እንጀራ መሬት ላይ አስቀምጡና በጫማችሁ ሸፍኑት። ውሻው ያሸታል፣ ይቧጥጣል። ዝም በሉ። አንዴ ራቅ ሲል ወዲያው «ተው» በሉና ከእጃችሁ የተሻለ ነገር ስጡት፤ ትንሽ ሥጋ። መሬት ያለውን በጭራሽ አትስጡት። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት ውስጥ ቃሉን ስትናገሩ ፊቱን ወደ እናንተ ያዞራል። ያኔ እግራችሁን አንሱ፤ እንጀራው ተገልጦ እያለ «ተው» በሉት። ቀጥሎ እንጀራውን ቀይሩት። እርጥብ ጨርቅ የጠቀጠቃችሁበት አሮጌ ካልሲ በክር እየጎተታችሁ አንቀሳቅሱለት። ጉርጥ የምትስበው በእንቅስቃሴዋ ነውና። መጨረሻ ላይ በገመድ ይዛችሁ፣ ማታ፣ እውነተኛ ጉርጥ ካለችበት በሦስት ሜትር ርቀት አሳልፉት። ትቷት ወደ እናንተ ካየ የቤቱ ምርጥ አጥንት የእሱ ነው።

ለዳማ ወር ተኩል ፈጅቶብኛል። ቡችላ ይፈጥናል። እንደ ጨዋታ ስላየው የጎረቤት ልጅ ነበር ከእኔ በላይ ያስተማረው።

ሦስተኛ፦ ቀድሞ የሚዘጋጅ ነገር

በር አጠገብ አንድ ፌስታል አንጠልጥሉ። ውስጡ ሁለት ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥንድ የፕላስቲክ ጓንት ወይም ጠንካራ ፌስታል፣ ባትሪና አንድ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ይኑር። የሃይላንዱን ክዳን በጋለ ሚስማር ሁለት ቦታ ብሱት። ሲጨመቅ እንደ ቧንቧ ይረጫል። ሌሊት ውሃ ሲጠፋ የሚያድናችሁ ይሄ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥርም ቀድማችሁ ያዙ። የወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች ሥራቸው በብዛት ከብት፣ በግና ፍየል ላይ ነው፤ ሌሊት ክፍት ሆነው አታገኟቸውም። በቀን ሂዱና ባለሙያውን አግኙት። ማታ ቢደወልለት ይመጣ እንደሆነ፣ ለውሻ መንቀጥቀጥ የሚሆን መድኃኒት ይኖረው እንደሆነ ጠይቁት። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በጣርማ በር ዳገት ደብረ ብርሃን ለመድረስ ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ሰዓት ለዚያ መንገድ መኪና ፍለጋ መውጣት አይመከርም።

ውሻው ጤነኛ እያለ ድዱን ተመልከቱ። የብዙ ሐበሻ ውሾች ድድ ጥቁር ስለሆነ የከንፈሩን ውስጥ ወይም የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጣችሁ እዩ። ጤነኛው ሮዝ ነው። በጣታችሁ ስትጫኑት ነጭ ይሆንና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። የልብ ምቱንም ቁጠሩ። በኋላ እግሩ፣ ከታፋው በውስጥ በኩል ጣታችሁን አሳርፉ፤ በ15 ሰከንድ የቆጠራችሁትን በአራት አባዙ። ባረፈ ውሻ ከ60 እስከ 140 ይሆናል። ትልቅ ውሻ ወደ ታችኛው፣ ትንሽ ውሻ ወደ ላይኛው ይጠጋል። የእናንተን ውሻ ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አራተኛ፦ ነክሶ ካገኛችሁት

መጀመሪያ ጥያቄ፦ ይህ ውሻ የእናንተ ነው? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ወስዷል? ዛሬ ጠዋት ደህና ነበር? ለሦስቱም መልሳችሁ «አዎ» ካልሆነ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እናገራለሁ።

መልሱ አዎ ከሆነ ፍጠኑ። ጉርጧን ካልለቀቀ አስለቅቁት፤ አትጎትቱ፤ በጎተታችሁ ቁጥር አጥብቆ ይነክሳል፣ መርዙም ይበዛል። ጓንት አድርጉ።

የውሻውን ራስ ወደ ታች አዘንብሉት። አፍንጫው ወደ መሬት ይይ። ውሃውን ከከንፈሩ ጥግ፣ ከጎን በኩል አስገቡ። ውሃው በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን ወይም በፊት በኩል መፍሰስ አለበት። ወደ ጉሮሮው በፍጹም አትርጩ። ጎማ ካላችሁ ግፊቱን ቀንሱ። እየረጫችሁ ድዱን፣ ምላሱንና የላይኛውን ላንቃ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። መርዙ የሚያጣብቅ ስለሆነ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እጠቡት ወይም ቀይሩት። ይህን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀጥሉ። ሰዓት ያዙ፤ በድንጋጤ ሁለት ደቂቃ አሥር ይመስላል።

የማይደረጉትን አጥብቄ እናገራለሁ። ወተት አትጋቱት። ዘይት፣ እንቁላል፣ ሎሚ አትስጡት። ጨው በውሃ በጥብጣችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ጨው ራሱ ውሻን ይመርዛል፤ የሚያስመልስ የሚንገዳገድ ውሻ ደግሞ ትውከቱን ወደ ሳንባው ይስበዋል። እኔ ወተቱን የሰጠሁት ከልቤ ላድነው ብዬ ነበር። ለመርዝ ወተት ሲሰጥ እያየን ነው ያደግነው። የጉርጥ መርዝ ግን ወተት ሆድ ሳይደርስ በፊት በድድ በኩል ደም ውስጥ ገብቷል።

ካጠባችሁት በኋላ ጸጥ ባለ ቦታ አስተኙት። ሰው አይሰብሰብበት። በየአምስት ደቂቃው የልብ ምቱንና የድዱን ቀለም እዩ። ለሃጩ እየቀነሰ፣ አካሄዱ እየተስተካከለ ከሄደ ጥሩ ነው። አብዛኞቹ ውሾች በግማሽ ሰዓትና በጥቂት ሰዓታት መካከል ይመለሳሉ።

መንቀጥቀጥ ከጀመረ ማጠቡን ወዲያው አቁሙ። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ጣትም፣ እንጨትም፣ ውሃም። ከድንጋይና ከግድግዳ አርቁትና ሰዓት ተመልከቱ። ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ሰውነቱ ይግላል፤ ቆላ ላይ ደግሞ ይብሳል። መዳፉንና ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙለት። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ቆሞ ከተመለሰ፣ ወይም የልብ ምቱ የሚዘል ከሆነ፣ ወይም ድዱ ከነጣ አልያም ከጠቆረ፣ ሐኪም ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ባጃጅም ቢሆን ጠርታችሁ ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

ጉርጥ ነው፣ የተባይ መድኃኒት ነው ወይስ የእብድ ውሻ በሽታ?

ይህ ክፍል ስለ ውሻው ብቻ አይደለም፤ ስለ እናንተም ሕይወት ነው። ሦስቱም ለሃጭ ያዝረበርባሉ። ሦስቱም ያንገዳግዳሉ። የሚደረገው ነገር ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

የጉርጥ መርዝ ድንገተኛ ነው። ውሻው ከደቂቃዎች በፊት ደህና ነበር። አፉን ይቧጥጣል፤ ድዱ እንደ በርበሬ ይቀላል። ያውቃችኋል። ስትጠሩት ወደ እናንተ ለመምጣት ይሞክራል።

የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህ አይመጣም። በቀናት ውስጥ ነው የሚገለጠው። መጀመሪያ ጠባዩ ይለወጣል። ተግባቢው ይደበቃል፣ ዝምተኛው ይቆጣል። ድምፁ ይጎረናል። እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል። መንጋጋው ወድቆ መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሃጩ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ውሻው «ልክ አይደለም» ብላችሁ ከነበረ፣ ምግብ ትቶ ከነበረ፣ ወይም ሰሞኑን ከባዘነ ውሻ ጋር ተነካክሶ ከነበረ፣ ጉርጥ ብታዩም አትንኩት። ዘግታችሁበት ባለሙያ ጥሩ። ለሃጩ ቁስላችሁን ወይም ዓይናችሁን ከነካ፣ ወይም ከነከሳችሁ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉ። በሰውም ላይ በሽታው ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም፤ ከመጀመሩ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል።

ሦስተኛው የመስኖ አካባቢ ችግር ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ውሻን በቀላሉ ይመርዛል። ውሻው የመርጫ ዕቃ ከታጠበበት ቦይ ይጠጣል። ወይም ባዶ ጠርሙስ ያኝካል። ያኔ ከለሃጩ ሌላ ዓይኑ ያነባል፣ ሽንቱና ሰገራው ያመልጠዋል፣ ጡንቻው ይርገበገባል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል። አፍ ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ፀጉሩ ላይም ካለ ጓንት አድርጋችሁ ገላውን በሳሙና እጠቡት። ለዚህኛው ሐኪሙ አትሮፒን የሚባል መርፌ ይሰጣል። ለጉርጥ መርዝ ግን አትሮፒን የሚሰጠው የልብ ምቱ በጣም ከቀነሰ ብቻ ነው፤ ልቡ እየሮጠ ከተወጋ ይባስ ይጎዳዋል። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር የእናንተ ሥራ ነው። እናንተ እንጂ ሐኪሙ ቦታው ላይ አልነበረም።

አምስተኛ፦ ለሐኪሙ ምን ይነገራል?

አጭርና ግልጽ ይሁን። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ። ጉርጧን አይታችሁ ከሆነ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩ፤ ይዛችኋት አትሂዱ። የውሻው ክብደት ስንት ይሆናል? ስንት ደቂቃ አጠባችሁት? አንቀጥቅጦታል? ስንት ጊዜ? የቆጠራችሁት የልብ ምት ስንት ነበር? ወተትም ሰጥታችሁት ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ። እኔ አፍሬ ደብቄ ነበር፤ ሐኪሙ የሳሉን ምክንያት ያወቀው ሦስተኛው ቀን ላይ ነው።

ለጉርጥ መርዝ ክፍለ ሀገር በቀላሉ የሚገኝ ማርከሻ የለም። ሐኪሙ የሚያደርገው መንቀጥቀጡን ማስቆም፣ ጉሉኮስ መስቀልና የልብ ምቱን መከታተል ነው። ለዚህ ነው በቤት የምታደርጉት የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ይህን ያህል ወሳኝ የሚሆነው።

ከዚያ በኋላ

ለ24 ሰዓት እሰሩት፤ አታሩጡት። ማስመለሱ ካቆመና ቀጥ ብሎ መቆም ከቻለ በኋላ ውሃ ጥቂት ጥቂት ስጡት። ምግብ በማግስቱ። አፉ ስለተቃጠለ ለስላሳ ነገር ይሁን፤ በውሃ የራሰ እንጀራ ወይም ገንፎ። በሚቀጥሉት ቀናት ካሳለ ወይም ትንፋሹ ካጠረ ሳንባው ውስጥ የገባ ነገር ሊኖር ይችላልና ሐኪም ይየው።

ከዚህ ተምሮ ይተዋል ብላችሁ አትተማመኑ። አንዳንዱ ውሻ አንዴ ቀምሶ ዕድሜውን ሙሉ ይሸሻል። አንዳንዱ በሳምንቱ ይደግማል። ዳማ ከሁለተኛዎቹ ነው። መስከረም ላይ ደገመ። ያን ጊዜ ግን ሃይላንዱ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ አጠብኩት፤ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጅራቱን እያወዛወዘ ነበር።

ክትባቱን በየዓመቱ አስከትቡት፤ ቡችላ ከሆነ ከሦስት ወሩ ጀምሮ። ካርዱን ደግሞ ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት። ለጎረቤቶቻችሁ አሳዩዋቸው፤ የጉርጥ መርዝ ምን እንደሚመስልም አብራችሁ ንገሯቸው። እናንተ ቤት በሌላችሁበት ማታ ዱላ የሚያነሱትም ሆነ ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው። እኔ ካርዱን ይዤ ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ዳማ በዳነ በሳምንቱ ነው። ቡና አፍልተው እየጠጣን ሁሉንም አስረዳኋቸው። አሁን ዝናብ በጣለ ቁጥር በአጥሩ በኩል ይጠሩኛል።

«ልጄ፣ አንዷ ወደ አንተ እየገባች ነው፤ ባልዲህን አምጣ!»